የሰኞዋ ወንበር

አሰልጣኟን «ዝምታ» ይሏታል። የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ይዛ ይህን ያህል ዘመን ስትሠራ፣ ከሜዳ ዳር ስትጮህ ያያት የለም። አንዲት ልጅ ስትሳሳት ወደ ጎን ትጠራትና ትከሻዋን ይዛ ሁለት ቃል በጆሮዋ ሹክ ትላታለች፤ በቃ፣ ይኸው ነው።

የክለቡ ሰዎች ግን ይህ አይዋጥላቸውም። ሰኞ ሰኞ አሰልጣኞቹ ሁሉ በዕቃ ክፍሉ ውስጥ፣ በተቀደዱ ፍራሾችና አየር ባጡ ኳሶች መካከል ይሰበሰባሉ። መሃል ላይ አንድ የፕላስቲክ ወንበር አለ። ተረኛው እዚያ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ ዙሪያውን ቆመው ጉድለቱን ይዘረግፉለታል። ይህ አሰልጣኝ ማሳደጊያ ነው ይባላል። ጉድ እኮ ነው! ሰው እንከኑ እየተለቀመ የሚያድግ ቢሆን ኖሮ፣ ምቀኛ ያለው ሁሉ ጣሪያ በነካ ነበር።

ዝምታ እዚያ ወንበር ላይ በተቀመጠች ቁጥር የምትሰማው ያንኑ ነው። «ድምፅ የለሽም!» ይላታል ቴክኒክ ኃላፊው፣ ሲናገር መስኮት የሚያንቀጠቅጠው ሰውዬ። በመጨረሻም ቀነ ገደብ ቆረጠላት፤ በዚህ ወር ካልተለወጠች ቡድኑ ለሌላ ይሰጣል፣ እሷም የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ይዛ ኳስ ስትነፋ ትውላለች።

ይህን ለታላቅ ወንድሟ ነገረችው። አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ አንቺ ዝም ስትዪ ግን ዝሆን ገባብሽ እኮ!» አላት። «ጩኸት ከፈለጉ ጩኺላቸዋ፣ እህቴ!»

ጮኸች። ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። በሚቀጥለው ግጥሚያ ኳሷ መጥታ በሁለት ልጆች መካከል ዱብ አለች፤ ሁለቱም አንገታቸውን አዙረው የሚያዩት እሷን ነበር። ድሮ ኳስ ስትመጣ «የእኔ!» የምትል ልጅ አትጠፋም ነበር። አሰልጣኟ ዝም ስለምትል እነሱ ይነጋገሩ ነበር፤ አሁን እሷ ስትጮህ እነሱ ዝም አሉ። አንድም ዙር ሳያሸንፉ ወጡ።

ያን ጊዜ ደሟ ፈላ። በኃላፊው ተናደደች፤ በእጇ ያለውን ትታ የሰውን ስትከተል በነበረችው በራሷም ተናደደች።

ሰኞ ወንበሩ ጠበቃት። አልተቀመጠችም።

«የምችልበትን አንድ ቀን ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ?» አለች፣ በሻከረ ድምፅ። «የሌለኝን ስትቆጥሩ ያለኝን አስጣላችሁኝ! ልጆቼ ሜዳ ውስጥ የሚነጋገሩት እኔ ዝም ስል ነበር። ማን አየው? ማንም! ሁላችሁም እንከን ፍለጋ ላይ ነበራችሁ!»

«ተቀመጪ» አላት ኃላፊው።

«እርስዎ ይቀመጡ!»

ምን እንደነካው እንጃ፣ ሰውዬው ተቀመጠ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም ነበር።

«በሉ» አለች ወደ ሌሎቹ ዞራ፣ «የሚችሉበትን አንድ ነገር ንገሯቸው።»

አንዱ ጫማውን አየ፣ ሌላው ጣሪያውን። ጉድለት ሲባል እንደ ጎርፍ የሚወርደው ምላስ ሁሉ ተሳሰረ። አብረውት ስንት ዘመን ሠርተዋል፤ የሚሉት አጡ። የኃላፊው አንገት በላብ ራሰ።

ንዴቷ አልበረደላትም፤ ቢሆንም ያየችውን አልዋጠችም።

«ልጅ ተጎድታ ስትወድቅ ከሁላችንም ቀድመው የሚደርሱት እርስዎ ነዎት» አለችው። «ያን ጊዜ ደግሞ አይጮኹም። ጎንበስ ብለው በቀስታ ነው የሚያናግሯት።»

ሰውዬው መሬት መሬቱን እያየ፣ ቀና ሳይል፣ በዚያ ክፍል ማንም ሰምቶበት በማያውቅ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ «ሌላስ?» አለ።

«ሌላውን ሰኞ። አሁን ልጆቼ ይጠብቁኛል» አለችና የኳሱን ከረጢት ከግድግዳው አውርዳ ወጣች። ከረጢቱን መልሺ ያላት የለም።