በሟች ስም

ጋሼ ቶማስን ከአሥር ዓመት በላይ አውቃቸዋለሁ ብዬ ነበር። ለካ ስማቸውን እንኳ አላውቅም።

እኔ ትርሲት እባላለሁ። በ2013 በዲቪ መጥቼ ፓሳዴና አንድ ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ ነገሩም የእነሱ ነውና። ጋሼ ቶማስን ያገኘኋቸው የአበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች በተሰበሰቡበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ፍፁም የሚባል ሰው ግሮሰሪ ጓዳ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በዘይት ካርቶኖችና በምስር ከረጢቶች መካከል፣ የዜግነት ፈተና ያስተምሩ ነበር። በሥራ ቀን ሚራክል ማይል የሚባል ሰፈር አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ፓርኪንግ ይሠራሉ። አገር ቤት ጎንደር የታሪክ መምህር ነበሩ። ለማስተማር ሃያ ዓመት ሙሉ ከማንም ሳንቲም አልተቀበሉም።

«ለማለፍ ከአሥር ጥያቄ ስድስት መልስ ይበቃችኋል» ይሉን ነበር። «ግን እኔ ዘንድ ቀን ብቻ ሸምድዶ የሚወጣ የለም። ይህ ሕዝብ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። አንዴ በሩን ይከፍታል፣ አንዴ ይዘጋል። ሲከፈት ማን ገባ፣ ሲዘጋ ማን ውጭ ቀረ? እሱን ጠይቁ።»

ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ነፃነታቸውን ያወጁት ሰዎች ባሪያ እንደነበራቸው ነገሩን። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ እዚህ የተወለደ ሁሉ ዜጋ ነው የሚለው አንቀጽ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ሲገባ በደም የከፈሉት ጥቁሮቹ እንደሆኑ ነገሩን። «ልጆቻችሁ ዜጋ ሆነው የሚወለዱት በነሱ ነው» አሉ። በ1924ቱ የስደተኞች ሕግ ለኢትዮጵያ የተፈቀደው በዓመት መቶ ሰው ብቻ እንደነበር ሲነግሩን፣ አንዋር የሚባል ባለታክሲ «መቶ? እሱማ እሁድ እዚህ ሰፈር ምሳ የሚበላውን ያህል እንኳ አይሆንም!» ብሎ አሳቀን። ጋሼ ቶማስ አልሳቁም። «ያ ሕግ የተሻረው በ1965 ነው» አሉ። «በዚያው ዓመት ሴልማ ላይ የመምረጥ መብት ጠይቀው ድልድይ ሲሻገሩ በዱላ የተቀጠቀጡ ጥቁሮች አሉ። የአንዱን ስም የሚያውቅ አለ?» የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ግን ፈተናው ላይ የሌለ ነገር አስተማሩን። ቻይናውያን እንዳይገቡ ሕግ በወጣበት ዘመን፣ በ1906 ሳንፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ስትወድም፣ የመዝገብ ቤቱ ወረቀት አብሮ ተቃጠለ። ያኔ ብዙ ቻይናውያን «እዚሁ ነው የተወለድነው» አሉ። ከዚያ ያልወለዱትን ሁሉ «ልጄ ነው» እያሉ በሐሰት ስም አስገቡ። የወረቀት ልጆች ይባላሉ። እነሱም አግብተው፣ ወልደው፣ በሰው ስም አረጁ።

«በኋላ በ1950ዎቹ መንግሥት ተናዘዙ አላቸው» አሉ ጋሼ ቶማስ። «የተናዘዘ፣ አንዳንዱ በገዛ ስሙ ዜጋ ሆነ። አንዳንዱ የነበረውንም ተነጠቀ።»

«እርስዎ ቢሆኑ ይናዘዙ ነበር?» አልኳቸው።

ጠመኔውን አስቀምጠው እጃቸውን በመሀረብ ጠረጉ። «ለዛሬ ይብቃን» ብለው ከሰዓታቸው ግማሽ ሰዓት ቀድመው ወጡ።

እኔ በ2019 ፈተናውን አልፌ ማልኩ። በመሐላው ቀን የመጡልኝ ዘመድ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ያኔ ነው «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ሰው አሳልፈው እርስዎ ለምንድነው አፕላይ የማያደርጉት?» ያልኳቸው። «ግሪን ካርዱ ለመኪና ጥበቃ አላነሰኝም» ብለው ቀለዱ። እኔም ተውኩት።

እውነቱን የነገሩኝ በ2024 መስከረም ላይ ነው። ከፓርኪንጉ ወስጄ ቤታቸው ላደርሳቸው መኪና ውስጥ ሳለን ስልካቸው ጠራ። አንዲት ሴት ጮክ ብላ ስትናገር እስከ እኔ ይሰማል። «አባቴ ከሆንክ በሰነድ አሳየኝ! አርባ ሁለት ዓመት በስልክ አባት አይኮንም!» አለችና ዘጋችው። ጋሼ ቶማስ ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። መኪናውን ጥግ አስይዤ አቆምኩ።

«ገሊላ ናት፣ ልጄ» አሉ። «እኔ ደግሞ ቶማስ አይደለሁም። አምሃ ነኝ።»

በ1982 ደርግን ሸሽተው ሱዳን ሲገቡ ሚስታቸውን እርጉዝ ትተው ነበር። ኡም ረኩባ በሚባለው የስደተኛ ካምፕ ቶማስ ወልደገብርኤል ከሚባል ልጅ ጋር አንድ ድንኳን ውስጥ ከረሙ። ቶማስ ቤተሰብ የለውም፤ የአሜሪካ ጉዳዩ አልቆ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል። ወባ ያዘውና በአራት ቀን ሞተ። በአሥረኛው ቀን አውቶቡስ መጥቶ የተፈቀደላቸው ሰዎች ስም ይነበብ ጀመር።

«ቶማስ ወልደገብርኤል ተባለ» አሉኝ። «መልስ የለም። ሁለተኛ ተጠራ። ሦስተኛ ከተጠራ ዝርዝሩ ላይ ይሰረዛል። አቤት አልኩ።»

«ፎቶ አልነበረውም እንዴ?»

«ነበረው። ያኔ ሁላችንም አጥንት ብቻ ስለነበርን መልካችን አንድ ነበር።»

ቶማስ ወረቀቱ ላይ ወንደላጤ ነው፣ ልጅ የለውም። ስለዚህ አምሃ ሚስታቸውን ማምጣት አልቻሉም፤ እሷም ሰባት ዓመት ጠብቃ ሌላ አገባች። ልጃቸውንም ማምጣት አልቻሉም። ገሊላ በሕይወቷ ሁሉ አባቴ አሜሪካ ነው እያለች ኖረች፤ አባቷ ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም።

«እናዘዛለሁ» አሉ። «ዜጋ ሆኜ በስሜ ላመጣት ነው። ካልሆነም አባቷ እኔ መሆኔ በአንድ ማኅተም ባለው ወረቀት ላይ ይጻፍላት።»

ጠበቃ ዘንድ እኔው ወሰድኳቸው። ጠበቃዋ አበሻ ናት፤ ሰምታ ስትጨርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ይሄ ፍሮድ፣ ማጭበርበር ነው የሚባለው። እኔ የምመክርዎ አፕላይ እንዳያደርጉ ነው። ካርድዎን ያድሱ፣ ከአገር አይውጡ፣ ዝም ብለው ይኑሩ።»

«ዝም ብዬ ኖርኩ እኮ።»

«ሶ፣ ባይሳካ ያለዎትንም እንደሚያጡ ገብቶዎታል?»

«ሃያ ዓመት ያስተማርኩት እሱን ነው» አሉ።

አራት ገጽ ጽፈው ከማመልከቻው ጋር አስገቡ። በ2025 መጋቢት ለቃለ መጠይቅ ተጠሩ። ድራይቭ አድርጌ ወስጄ መኪና ውስጥ ጠበቅኳቸው። ሲወጡ ክራቫታቸውን እየፈቱ ነበር።

«ታሪኩን ስድስቱንም መለስኩ» አሉ። «መኮንኗ ሳቀችና አስተማሪ ነህ እንዴ አለችኝ። ነኝ አልኳት። ከዚያ ሌላ ስም ኖሮህ ያውቃል ወይ ብላ አራቱን ገጽ አወጣች። ቀስ ብላ አነበበች። ስትጨርስ ዓይኔን አላየችም።»

ግንቦት ላይ ማመልከቻቸው ውድቅ ሆነ። በሌላ ሰው ስም ስለገቡ የመኖሪያ ፈቃዳቸውም ከመጀመሪያው ሕጋዊ አልነበረም ተባለ። ከዚያ የፍርድ ቤት መጥሪያ መጣ። ጠበቃዋ ስታስረዳን፣ እንዲህ ያለውን በደል ዳኛ ይቅር ሊል የሚችልበት አንቀጽ አለ፤ ግን እሱ የሚሠራው እዚህ አገር ሕጋዊ ወላጅ፣ ሚስት ወይም ልጅ ላለው ነው። እሳቸው ደግሞ በዚያ ስም ምክንያት ማንንም አላመጡም።

ሰኔ ላይ ከተማው ውስጥ የስደተኞች አፈሳ ተጀመረ። መኪና አጠባ፣ ግንባታ፣ ልብስ ስፌት ቤት ሳይቀር ሰው ይለቀም ጀመር። ፌርፋክስ ላይ ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ። በዚያው ሰሞን የጋሼ ነገር ተሰማ። ከማን አፍ እንደወጣ አላውቅም፤ ከእኔ እንዳልሆነ ብቻ አውቃለሁ። ሰው «አስመሳይ» ሲላቸው በጆሮዬ ሰማሁ። እሳቸው አስተምረው ያሳለፉት ሰው፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ «ለካ በሬሳ ስም ነው ሲኖር የነበረው» አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ጓዳው ውስጥ አሥራ አራት ሰው የነበረው አምስት ሆነ፣ ከዚያ አንድም አልቀረም። መንግሥት የተማሪዎቹን ስም ይጠይቃቸዋል ተብሎ ተፈርቶ ነው። ፍፁም መጥቶ «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ፣ ዕቃ የማስቀምጥበት ቦታ ጠበበኝ» አላቸው። ጥቁር ሰሌዳውን ራሳቸው ከግድግዳው ነቀሉት። የፓርኪንጉ ሥራም ካርዱ ሲያዝ አብሮ ቀረ።

ስለ ሌሎቹ ይህን ካልኩ ስለ ራሴም መናገር አለብኝ። ነሐሴ ላይ ጋሼ ቤቴ ድረስ በአውቶቡስ መጡ። ፍርድ ቤቱ ጠባያቸውን የሚመሰክር ደብዳቤ እንደሚቀበል ጠበቃዋ ነግራቸዋለች።

«አንድ ገጽ ይበቃል» አሉኝ። «የምታውቂውን ብቻ።»

ያኔ እናቴን ለማምጣት ያስገባሁት ወረቀት ገና አላለቀም። ስሜ በዚህ ኬዝ ውስጥ ቢታይ የእናቴ ይበላሻል ብዬ ፈራሁ። የሚያገናኘው ነገር ይኑር አይኑር ማንንም አልጠየቅኩም። መልሱ «የለም» ከሆነ ምክንያት እንዳላጣ ነው ያልጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ እናቴ ኬዝ ላይ ናት» አልኳቸው።

«ኦኬ» አሉ። በአማርኛ ሲያወሩ ያን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። የቀረበላቸውን ውኃ ጠጥተው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብለው ወጡ። ላድርስዎ ስል «አውቶቡስ አለ» አሉኝ።

መስከረም ላይ ዳኛው ከአገር ይውጡ ብለው ወሰኑ። ከሁለት መቶ በላይ ዜጋ ያወጡ ሰው በሦስት ደብዳቤ ነው የቀረቡት። አንዱ የአንዋር ነበር። ጠበቃዋ ይግባኝ አለች፤ እስኪታይ እዚሁ ይቆያሉ። ወረቀቱ ላይ የተባረረው ቶማስ ወልደገብርኤል ነው። ጋሼ «እሱን ሱዳን ሄደው ይቆፍሩት» ብለው እንደሳቁ ጠበቃዋ ነገረችኝ።

እናቴ ኅዳር ላይ ገባች። የጋሼ ጉዳይ ከእሷ ጋር ይያያዝ እንደነበር ያኔ ነው ጠበቃዋን የጠየቅኳት። «ምንም አይገናኝም። ቀድመሽ ብትደውይልኝ እነግርሽ ነበር» አለችኝ።

በሳምንቱ ኢንግልዉድ ሄድኩ። ከኤርፖርቱ አጠገብ፣ አውሮፕላን ሲወርድ መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ አንድ ክፍል ተከራይተዋል። በሩን ከፈቱና ትንሽ አዩኝ።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ» አሉ።

በሰላሳ ዓመት የሚበልጡኝ ሰው አንቱ አሉኝ። እንደ ባዕድ።

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር፣ አንቺ ይበሉኝ።»

«ዜጋ አይደሉ?» አሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው የባሰው።

ስለ ገሊላ ጠየቅኳቸው። ያጡትን ሁሉ በስልክ ነግረዋታል። እሷም «አሜሪካ ሲተፋህ ነው አባቴ የሆንከው?» ብላቸዋለች። ከዚያ ወዲህ አትደውልም፣ አታነሳም። ጋሼ አምሃ ብዬ ልጠራቸው ሞከርኩ። እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። «በዚያ ስም የሚጠራኝ ሰው ወይ ሞቷል፣ ወይ አኩርፏል። እርስዎ አይልመዱት» አሉ።

የያዝኩትን ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አልነኩትም። ስለ እናቴ ጠየቁኝ፣ ደህና ገባች ወይ አሉ፤ ገባች አልኩ። እግዜር ይመስገን አሉ፤ ከልባቸው ነው። ከዚያ «ደብዳቤውን አሁን እጽፍልዎታለሁ፣ ዛሬውኑ» አልኩ።

«የማስገቢያው ቀን አልፏል» አሉ። ተነሥተው በሩን ከፈቱልኝ።