ለሄደው የተቀመጠ ዋንጫ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ቢኒያም ከጎንደር መጣና አቀርቅሮ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እኔ እሸት ባቄላ እየፈለፈልኩ ነበር። የመስከረም መጨረሻ ነው፤ ደባርቅ ላይ ክረምቱ ወጣሁ ብሎ ተሰናብቶ በጓሮ በር ተመልሶ የሚገባበት ጊዜ።

«አባባ፣ ላገባ ነው» አለኝ።

«እሰይ! እኔ እኮ ልትመነኩስ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ማናት?»

«ህሊና ትባላለች፤ የዳባት ልጅ ናት። እሁድ እነሱ ቤት ዘር ይቆጠራል። ከእኛ ወገን የሚቆጥሩት እርስዎ ነዎት።»

«የማን ልጅ?»

«የወይዘሮ ስንዱ የልጅ ልጅ።»

ባቄላው ከነሳፋው ከጉልበቴ ወደቀ። ልጁ ደንግጦ ሊለቅም ጎንበስ አለ። እኔ የማየው ግን እጄን ነበር፤ የግራ እጄን ትንሿን ጣት። ይቺ ጣት ከላይኛው አንጓዋ ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለች ናት። ስወለድም እንዲሁ ነበረች።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። በእኛ አገር ጋብቻ ከመታሰሩ በፊት የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ወደ ላይ ይቆጥራሉ፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ። የጋራ አባት ከተገኘ ደግሞ ከእሱ ልጆች ጀምሮ ወደ ታች ይቆጠራል። ሙሽሮቹ ሰባት ቤት ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ እህትና ወንድም ናቸው፤ አበቃ፣ ሰርግ የለም። ስምንተኛ ቤት ከደረሱ ይጋባሉ። በዚህ ቁጥር ቀልድ የለም። እኔ ራሴ የማውቀውን ያህል የሚያውቀው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ንጉሡ ገና አልወረዱም። ጎንደር ተምሬ ደባርቅ ላይ አስተማሪ ሆኜ ተመልሼ ነበር። እንግሊዝኛዬ ጥሩ ነው ተብሎ ይወራልኝ ነበር፤ እኔም ወሬውን አላስተባብልም፤ ከረባቴንም እሁድ ሳይቀር አላወልቅም። ከዳባት በታች ካለች መንደር ስንዱ የምትባል ልጅ ታጭታልኛለች። ሽማግሌዎች ቆጥረው ንጹሕ ነው ብለው መርቀዋል፤ ሰርጉ ለጥር ተቆርጧል። ስንዱን እወዳት ነበር፤ ይኸው ነው፣ ምን አሽሞነሞነኝ። የእሷም የግራ እጅ ትንሿ ጣት እንደኔው ጎበጥ ያለች ናት። ገበያ ላይ ስንገናኝ ሰው ሳያየን ጣት ለጣት እናቆላልፍና «አንድ ሰው ነው የሠራን» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እኔ ሞኙም አብሬያት እስቃለሁ።

ሌላም ነገር ልንገራችሁ። እናቴ ጉም በወረደ ቀን ሁሉ አንድ የቀንድ ዋንጫ ጠላ ሞልታ ከበሩ ደፍ ላይ ታስቀምጥ ነበር። ስታስቀምጥ ሁልጊዜ አንድ ቃል ትላለች፤ «ለሄደው።» ማን ነው የሄደው ብዬ ስጠይቃት «እኔ ምን አውቄ፤ እናቴም እንዲሁ ትል ነበር» ትለኛለች። ጠዋት ጠላውን እዚያው ደጅ ላይ ትደፋዋለች። የጎረቤት ሰው እንዲህ ሲያደርግ አላየሁም፤ ብቻ ልጅ ሆነህ ያየኸው ነገር አይደንቅህም።

በዚያ መስከረም ሚስ ሃርዊክ የምትባል እንግሊዛዊት ደባርቅ መጣች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዕድሜዋ ሃምሳን የዘለለ፣ ሁልጊዜ የቆዳ ጓንት የምታጠልቅ ሴት ናት። የመጣችው ከኬንያ ነው። ቤተሰቦቿ እዚያ አገር መጀመሪያ ከሰፈሩት እንግሊዞች ወገን ናቸው፤ መሬቱን ከሰው ወስደው ነው የሰፈሩት፣ እሷም ይህን አልደበቀችኝም። የቤተሰቡን የዘር መጽሐፍ ትጽፋለች። ሁሉም ሰው የተወለደበትና የተቀበረበት ተገኝቶ ተጽፏል፤ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። የቅድመ አያቷ ወንድም ኤድመንድ፣ ከእነሱ ሁሉ በፊት አፍሪካን የረገጠው፣ ስሜን ተራራ ሥር ገብቶ ቀረ።

ከእሱ የመጣ አንድ ደብዳቤ ነበራት። እያስነበበችኝ ተረጎምኩት፤ ዛሬም በቃሌ እለዋለሁ። «ሁለት ልጆች አሉኝ። ሴቷ ከእናቷ ጋር ናት፤ ወንዱን ለክርስትና አባቱ ሰጥቼዋለሁ፤ እሱ የሚኖረው የአንድ ቀን መንገድ ወደ ታች ነው። ሁለቱም የቤታችንን ጣት ይዘዋል።» የቤታችን ጣት ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሰው ከፊቱ ያለውን ነገር አለመጠየቁ ይገርመኛል።

አስተርጓሚዋ ሆንኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ዞርን፤ ካህናቱን ጠየቅን፤ ፈረንጅ እዚህ ተቀብሯል የሚል ሰው ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ቄስ «የዱሮ ነገር የሚያውቁት ከዳባት በታች ያሉት እማሆይ ናቸው፤ እሳቸውን ጠይቁ» አሉን። ልቤ በደስታ ዘለለ። እማሆይ የስንዱ ቅድመ አያት ናቸው! በሥራ አሳብቤ እጮኛዬን ላያት ነው።

ዳባት ድረስ በላንድሮቨር ወረድን። ከዚያ በእግር ነው። ጭቃው ገና አልጠነከረም፤ የገብሱ ማሳ በግራና በቀኝ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። ግማሽ መንገድ ላይ ጉሙ ወረደብን። የስሜን ጉም ስትራመድበት የሚሸሽህ ዓይነት አይደለም፤ ይከብሃል፣ ጆሮህን ይደፍነዋል። ከፊት የምትሄደው ሚስ ሃርዊክ ቡትስ ጭቃውን ሲረግጥ እሰማለሁ። ከኋላዬም ይሰማኛል። ገደል ማሚቶ ነው አልኩ። ቆም ስል ከፊት ያለው ይቀጥላል፤ ከኋላ ያለው ግን እኔ በቆምኩ አንድ እርምጃ ዘግይቶ ይቆማል። እዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ ገደል የለም። «በስመ አብ» ብዬ አማተብኩና ወደ ፊት ሮጥኩ።

እማሆይ ጎጆአቸው ውስጥ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከጠፋ ዘመን ሆኖታል። ገና ደጅ ሳለን፣ አንድ ቃል ሳንተነፍስ፣ ድምፃቸው መጣ።

«ጫማው መጣ» አሉ።

«እማሆይ፣ እንግዳ ይዤ ነው የመጣሁ። ሴት ናት፤ እንግሊዝ ናት።»

«ሴትም ትሁን ወንድ፣ አረማመዱ የሱ ነው። ግቡ። ዋንጫውን እንዳትረግጡት።»

ዝቅ ብዬ አየሁ። ከበሩ ደፍ ላይ ጠላ የሞላ የቀንድ ዋንጫ ተቀምጧል። 

«ይሄ ለማን ነው እማሆይ?»

«ለሄደው» አሉ፤ ልክ እንደ እናቴ፣ በዚያው ዜማ።

ስንዱ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር፤ ጎጆው ውስጥ ከሦስታችን በቀር ማንም የለም። እማሆይ ቀስ ብለው አወሩ። አያታቸው ተሰማ የእሸቱ ልጅ አልነበረም። ሰው ሁሉ ተሰማ እሸቱ እያለ ይጠራዋል፤ ሽማግሌዎችም ሲቆጥሩ በእሸቱ በኩል ነው የሚያልፉት። እሸቱ ግን የክርስትና አባቱ ነው፤ አሳደገው እንጂ አልወለደውም። የወለደው ፈረንጅ ነበር። ተጠምቆ ወልደ ሐና ተባለ። በጉም ቀን ወደ ተራራው ወጣና ቀረ።

«አያቴ በልጅነቴ ይነግረኝ ነበር» አሉ እማሆይ። «አባቴ ሲመለስ በጉም ነው፤ የጫማውን ድምፅ ስትሰሚ በሩን ክፈቺለት ይለኛል። እህትም ነበረችው። ከእናቷ ጋር ደባርቅ የቀረች። ደስታ።»

ደስታ ወልደ ሐና! የእኔ ቁጥር የሚያበቃበት ስም ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የያዝኩት፤ እኔ፣ እናቴ፣ አያቴ እያልኩ ወጥቼ የምቆምበት። በጣቴ ቆጠርኩ። ከደስታ እኔ ድረስ ስድስት ቤት። ከተሰማ ስንዱ ድረስ ስድስት ቤት።

«እማሆይ» አልኩ፤ «ስንዱ ስትታጭ ዘር ሲቆጠር ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ? ስመነኩስ ፍትሐት ተፈትቶልኛል፤ ለዚህ ዓለም ሞታለች ተብሎ። የሞተ ሰው ለዘር ቆጠራ አይጠራም።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ድምፅህ ሩቅ አይደለም። የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«አስተማሪ ነኝ» አልኳቸው።

ያን ጊዜ ስንዱ ገባች። እኔን ስታይ ፊቷ በራ። እንግዳዋን ልታስታጥብ ማስታጠቢያውን አነሳች። ሚስ ሃርዊክ ለመጀመሪያ ጊዜ ጓንቷን አወለቀች። ውኃው በግራ እጇ ላይ ሲፈስ አየሁት፤ ትንሿ ጣት ከላይኛው አንጓዋ ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለች። ማስታጠቢያውን የያዘው የስንዱ ጣት። ሳፋውን የደገፈው የኔ ጣት። ሦስቱም አንድ ሳፋ ላይ። ሚስ ሃርዊክ ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ «ምን አሉ?» አለችኝ።

እስቲ አስቡት። ደብዳቤው እንግሊዝኛ ነው፤ እማሆይ የሚያወሩት አማርኛ ነው። ሁለቱን ግማሾች ይዞ የገጠመ ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ። አፌን ብዘጋ ጥር ላይ አገባታለሁ።

«ምንም አያውቁም፤ አርጅተዋል» አልኳት።

ሚስ ሃርዊክ ጣቶቹን አንዴ እንደገና አየችና ጓንቷን መልሳ አጠለቀች። ወደ ደባርቅ ተመለስን። በማግስቱ አድራሻዋን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝና ሄደች።

ጉሙ ሦስት ቀን አልተነሳም። እናቴም እንደልማዷ ሦስቱንም ቀን ዋንጫውን አወጣች። በመጀመሪያው ጠዋት «ወይ ጉድ!» ስትል ሰማኋት። ዋንጫው ባዶ ነው። አልተደፋም፤ መሬቱ ደረቅ ነው። በሁለተኛው ጠዋት እንዲሁ። በሦስተኛው ጠዋት ዋንጫው ባዶውን አፉን ወደ ታች ተደፍቶ፣ ከደፉ ላይ ሳይሆን ከኔ መደብ ራስጌ ተገኘ። በሩ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው።

ውሻ ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። ውሻ መቀርቀሪያ አይከፍትም።

እናቴ ዋንጫውን አንስታ «ሞላ፣ በዕድሜዬ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ምን አድርገሃል?» አለችኝ። እንደ ሕፃን አለቀስኩና ሁሉንም ነገርኳት። ቁጭ ብላ ሰማችኝ፤ ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ሰው እንደሞተባት። የሞተው ሰርጌ ነበር።

ለስንዱ ራሴ ልንገራት ብዬ ወረድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ቆመን ነገርኳት። አላለቀሰችም። ያቺን ጣቷን ቀና አድርጋ ስታያት ቆየች።

«እኔ እኮ ሁልጊዜ እፈራት ነበር» አለች። «የምስቀው ፈርቼ ነው።»

«ዝም ብል ኖሮስ?»

«ዝም ብትል ኖሮ በሬን አልፎ የሚገባው አንተ ብቻ አትሆንም ነበር፤ የሄደውም ተከትሎህ ይገባ ነበር» አለችና ወደ መንደሩ አየች፤ ጉም ነበር። ከዚያ ሄደች። ዞራም አላየችኝ።

እሷም አገባች፤ እኔም አገባሁ። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ደግ ሴት ነበረች፤ ስለ ዋንጫው አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ለሚስ ሃርዊክ እውነቱን ጻፍኩላት። ዓመት ቆይቶ የመጽሐፉን አንድ ቅጠል ላከችልኝ። ከኤድመንድ ሥር ሁለት ሐረግ ወርዶ፣ በአንዱ ጫፍ ሞላ፣ በሌላው ጫፍ ስንዱ ተብሎ ተጽፏል። ጎን ለጎን የተጻፍነው እዚያ ብቻ ነው። ወረቀቱን እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

እሁድ ዕለት እንግዲህ ዳባት ወረድኩ። ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ከልጅቱ ወገን የምትቆጥረው ስንዱ ራሷ ሆና አገኘኋት፤ ሸብታለች፤ ምርኩዝ ይዛለች። እኔ ከቢኒያም ጀመርኩ፤ እሷ ከህሊና። እኔ ደስታ ላይ ደረስኩ፤ እሷ ተሰማ ላይ። ተሰማ እሸቱ አላለችም። ወልደ ሐናን ግን ሁለታችን አንድ ላይ ጠራነው።

«ቁጠሪ» አልኳት።

ወደ ታች ቆጠረች፤ በዚያች በጎበጠች ጣት እየቆጠረች። «ስድስት» ስትል ቀና ብላ አየችኝ። «ሰባት... ስምንት።»

እልልታ ሆነ። ልጆቹ ተቃቀፉ። በግርግሩ መሃል ስንዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ሁለት ቤት ብቻ ነበር የጎደለን፣ ሞላ» አለችኝ።

 ማታ ደባርቅ ስገባ ጉም ወርዶ ነበር። እናቴ እንዳወረሰችኝ ዋንጫውን ሞልቼ ደፉ ላይ አስቀመጥኩ። ጠዋት ስነሳ እንደሞላ አገኘሁት፤ ጠብታ አልጎደለበትም፤ የሄደው በዚህኛው ሰርግ ቅር አላለውም። ልደፋው አልሆነልኝም። ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ ራሴ ጠጣሁት።