ገጹ እንዲሞላ ብዬ

ቤት የሠራሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ሠራሁ ስል አናጢው ሲሠራ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆሜ ነበር ማለቴ ነው። ጂንካ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበርኩ። ቀበሌው ቦታ ሲመራኝ ከመምህርነት አልፌ ባለርስት የሆንኩ መሰለኝ። ባለርስት የሚባል ሰው በአዋጅ መቅረቱን ደግሞ ለተማሪዎቼ የማስተምረው እኔው ራሴ ነበርኩ።

ቆርቆሮው ከአርባ ምንጭ በጭነት መኪና የመጣልኝ፣ መንገዱ በዝናብ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ነው። አናጢው የመጀመሪያውን አንስቶ ጣሪያው ላይ ለካና "ረዝሟል፤ ክንድ ያህል እንቁረጠው፤ አለዚያ ጠፈጠፉ ጎረቤት ላይ ይወርዳል" አለኝ። አዲስ ቆርቆሮ ማስቆረጥ ጣቴን ከማስቆረጥ እኩል ሆኖ ታየኝ። "ጠፈጠፍ ምን ቦታ ይይዛል?" አልኩት። ሰውየው ትንሽ አየኝና ሳይቆርጥ መታው። አናጢ የሚከራከረው ከሚገባው ሰው ጋር ነው።

ጎረቤቴ በዕድሜ አባቴ የሚሆን የአሪ ሰው ነበር። ከከተማው ዳር እንሰትና ቡና አለው፤ ቤቱ የኔ ቦታ ገና ቁጥቋጦ ሳለ የተሠራ የጭቃ ቤት ነው። ጴንጤ ነው። አያቶቼ ከሰሜን መጥተው የሰፈሩ የማርያም ሰዎች ስለሆኑ፣ እኛ ቤት ይህ ቃል ድምፅን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚነገረው። በዚያን ዘመን የጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ታሽጎ ነበር። ስለዚህ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አሥራ አምስት ሃያ ሆነው እሱ ቤት እየተሰበሰቡ በአሪኛ ይዘምራሉ። ድምፃቸውን አፍነው ቢዘምሩም በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር፤ ደብተር ሳርም አንዱን ዜማ በአፍንጫዬ ሳንጎራጉር ራሴን ይዣለሁ።

ዝናቡ መጣ። የጣሪያዬ ውሃ በሙሉ የሰውየው ግድግዳ ሥር ወረደ። በሦስተኛው ቀን አጥሩ ጋ መጥቶ "መምህር፣ የአንተ ውሃ የኔን ግድግዳ በላ" አለኝ። ከነገሩ ሁሉ ያስቆጣኝ "አንተ" ማለቱ ነው። አማርኛን በኋላ የተማረ፣ አባቴ የሚሆን ሰው "እርስዎ" አላለኝም ብዬ ተቀየምኩ። "እናየዋለን" አልኩት፤ ከቢሮ የተማርኳት ቃል ናት፤ ትርጉሟ አናየውም ነው። ሌላ ሁለት ሳምንት ጠበቀኝ። ከዚያ ዶማውን አነሳና በግድግዳው ሥር ቦይ ቆፍሮ ውሃዬን ወደኔው መለሰልኝ። መኝታ ቤቴ ራሰ።

እንግዲህ የተበደልኩት እኔ ሆንኩ። የገዛ ውሃዬ ቤቴ ገብቶ አቤት የምለው በጎረቤቴ ላይ ነው።

በዚያ ሰፈር ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ሲፈለግ ወደኔ ነበር የሚመጣው። ጽሕፈቴ ያምራል፣ "የጭቁኑን ሕዝብ መብት" የሚለውን የት እንደምሰካው አውቃለሁ። ለራሴ ስጽፍማ ካርቦን አስገብቼ፣ ብዕሬን ጠርጌ ተቀመጥኩ። ነገሩ በሦስት መስመር ያልቅ ነበር፤ ግን ግማሽ ገጽ ባዶ የሆነ ማመልከቻ የሰነፍ ማመልከቻ ነው ብለን እናምን ነበር። ቦዩን በርዝመትም በጥልቀትም ገለጽኩት። የረጠበውን ፍራሽ ገለጽኩት። ይህን ሁሉ ብዬ ከፊርማዬ በላይ አራት መስመር ተረፈ። አራቱን መስመር ምን እንደሞላሁባቸው ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ "ከዚህም በተጨማሪ ተከሳሹ ዘወትር ረቡዕ ከቀትር በኋላ ብዛት ያላቸውን ሰዎች በመኖሪያ ቤቱ ያለ ፈቃድ የሚሰበስብ በመሆኑ የሰፈሩ ጸጥታ የታወከ መሆኑን አመለክታለሁ።" ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር። ገጹ ሞላ። በእጄ አርቄ ይዤ አየሁት፤ አማረልኝ።

የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ በቢሮው በረንዳ ላይ ተቀመጠ። ጎረቤቴ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል። ሊቀ መንበሩ ማመልከቻዬን ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ አልዋሽም፣ የማዳምጠው አነባበቡን ነበር፤ ነጠላ ሰረዞቼን ይጠብቅልኝ እንደሆነ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። አራቱን መስመር ለራሱ ደግሞ አነበባቸው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና "ውሃው ይቆይ፤ ይህኛው የሸንጎ ጉዳይ አይደለም፤ ወደ በላይ ይመራል" አለ።

ጎረቤቴ ዞሮ አየኝ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የማያውቀውን ሰው ለመለየት እንደሚሞክር ነው ያየኝ። ባለፈው ዓመት ከገዘር ከተማ አንድ ሰባኪያቸው ተወስዶ፣ ከሰባት ወር በኋላ ሲመለስ አንድ እጁ አይታዘዘውም ነበር። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ስጽፍም አውቅ ነበር፤ ልቤ ግን ነጠላ ሰረዝ ላይ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከብዕር የወጣው ደግሞ ማኅተም ይጠብቀዋል።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ሊቀ መንበሩ ቢሮ ሄድኩ። "ማመልከቻዬን ላነሳ ነው" አልኩት።

"ለምን? ጥሩ ተጽፏል" አለኝ።

"የመጨረሻው አንቀጽ ተሳስቶ ነው፤ ገጹ እንዲሞላ ብዬ ነው።"

"እውነት ከሆነ እሱ ይጠየቅበታል" አለ፣ ቀና ሳይል። "ሐሰት ከሆነ በሐሰት የከሰስክ አንተ ትጠየቅበታለህ። የትኛው ይሁን?"

ጀግና ብሆን መልሱ ቀላል ነበር። እኔ ግን ፈሪ ነኝ፤ ሦስተኛ መልስ ፈለግኩ። "ሰው መሰብሰቡ እውነት ነው" አልኩ። "የሚሰበሰቡት ግን ለደቦ ነው። ግድግዳው ፈርሶበት ሊመርጉለት ነው።"

"ግድግዳውን ማን አፈረሰው?"

"የኔ ውሃ" አልኩ። ከተጣላን ጀምሮ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ስናገር ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው፤ እሱንም ያልኩት ለውሸቴ ድጋፍ እንዲሆን ነው።

"እንግዲያው ረቡዕ መጥቼ አየዋለሁ" አለኝ።

ከዚያ ጎረቤቴ ቤት ሄድኩ። ከተጎራበትን ጀምሮ ደጁን ረግጬ አላውቅም። ግድግዳውን ከውስጥ ሳየው አፈርኩ። ጭቃው ወርዶ ማገሩ ገጥጧል፤ ብርሃን ያስገባል፤ ሚስቱ ሰሌን ጋርዳበታለች። በሩ አጠገብ አንድ ጥቅል ተቀምጧል፤ ብርድ ልብስና ጣሳ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሊወስዱት ሲመጡ ይዞት የሚሄደው ነው።

የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

"ረቡዕን ነው የጻፍከው?" አለኝ።

"አዎ።"

"እሑድን አለመጻፍህ ጥሩ። እሑድ እኛ ብዙ ነን።"

የሚቀልድ መስሎኝ አየሁት። አይቀልድም።

"ረቡዕ ጭቃ እንርገጥ" አልኩት። "ለደቦ ነው እንድትሉ ነው።"

"እኔ አልዋሽም፣ መምህር።"

"አይዋሹ። ይምረጉ ብቻ።" ያን ቀን "እርስዎ" አልኩት። ልብ ብሎ የሰማው አይመስለኝም።

ማክሰኞ ጣሪያዬ ላይ ወጥቼ ቆርቆሮውን በተዋስኩት መቀስ ቆረጥኩ። አናጢውን የመጥራት ፊት አልነበረኝም። አቆራረጤ እንደ አህያ ጥርስ ወጣ ገባ ነው፤ የገበያ መንገደኛ እየቆመ ያየኝ ነበር።

ረቡዕ መጡ። ቀይ አፈር ተቆልሎ፣ ጭድ ተነስንሶበት፣ ሴቶቹ ውሃ እየቀዱ፣ ወንዶቹ ይረግጣሉ። ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ። ጭቃ መርገጥ ስልት አለው፤ እግር ሲነሳ ተረከዝ ይቀድማል። እኔ ጣቴን አስቀድሜ በአፍጢሜ ተደፋሁ። አንዲት አሮጊት እስክታነባ ሳቀች፤ በአሪኛ አንድ ነገር ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። ማንም እንዲተረጉምልኝ አልጠየቅኩም።

ረገጣው ሲሞቅ ያቺው ዜማ ተነሳች፤ እኔ ደብተር ሳርም የማንጎራጉራት። ሊቀ መንበሩ ጥላውን ይዞ የደረሰው በዚህ መሃል ነው።

"ምን እያሉ ነው?" አለኝ።

"አሪኛ አልችልም" አልኩ። በዚያ ሳምንት የተናገርኩት ብቸኛ ንጹሕ እውነት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ጎረቤቴ ዞረ። "የምትሰበሰቡት ለሥራ ነው?"

ሰውየው እጁ ላይ ያለውን ጭቃ ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ በመዳፉ አስተካክሎ፣ "ዛሬ ለሥራ ነው" አለ።

"ዛሬ?"

"ዛሬ።"

ሊቀ መንበሩ ግድግዳውን አየ፣ የተቦጫጨቀ ጣሪያዬን አየ፣ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግሬ ጭቃ የሆንኩትን እኔን አየ። ሳቁ አመለጠው። ከኪሱ ማመልከቻዬን አወጣና "መምህር፣ ከእንግዲህ ገጽ እንዲሞላ ብለህ አትጻፍ" ብሎ ሰጠኝ። ገና አልላከውም ነበር። ለምን እንደተወን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ መጠየቅም ደፍሬ አላውቅም። በጭቃ እጄ ስለተቀበልኩት ጽሑፉ ወዲያው ተበላሸ፤ ካርቦን ቅጂውን ማታውኑ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ግድግዳው ሲያልቅ እግራችንን ታጥበን ገባን። ሚስቱ የተቀቀለ ጎደሬ አቀረበች። በልተን ስንጨርስ ወሬው ቀስ በቀስ ቆመ፤ ጎረቤቴ ከአልጋው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ አወጣ። ምን ሊሆን እንደሆነ ገባኝና ልወጣ ተነሣሁ።

"ተቀመጥ" አለኝ።

"እኔ እንኳ ልሂድ..."

"ተቀመጥ፣ መምህር። ረቡዕ ነው።"

ተቀመጥኩ። ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ "ይሄ ይውጣ" ቢል ደስ ባለኝ፤ ማንም አላለም። ከዚያ ሁሉም ዐይናቸውን ጨፈኑ። አሮጊቷም፣ ውሃ የቀዱት ሴቶችም፣ ያልጠረጠርኳቸው የመሥሪያ ቤት ሰዎችም ነበሩ። ፊታቸውን አንድ በአንድ ማየት እችል ነበር፤ እነሱም እንደምችል ያውቃሉ። እኔም ዐይኔን ጨፈንኩ። ለጸሎት አይደለም፤ እነማን እንደነበሩ እንዳላውቅ ነው።