ከገና በፊት ያሸግኩት ሽሮ ቤት

ላሊበላ ውስጥ የምግብ ቤቶችን ንጽህና የምቆጣጠረው እኔ ነበርኩ። ገና ሲቃረብ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ ሽሮ ቤት ያላት ሴት የዓመት ጉርሷን የምታገኘው በዚያች ሳምንት ነው። ከእነዚያ ቤቶች አንዱ የቀድሞ ባሌ አዲሷ ሚስት ቤት ነበር። ባለሙያ ነች ይሏታል። እኔን እንዲህ ያለኝ የለም፤ እሱም ጭምር።

ቢሮ ውስጥ «እዚያ ቤት ሌላ ሰው እንላክ?» ሲሉኝ «ኧረ ራሴ እሄዳለሁ!» አልኩ። መንገዱን ሁሉ የጸለይኩት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ አንዲት በረሮ እንዳገኝ ነው።

ወይ ንጽህና! የውሃው በርሜል ተከድኗል፣ ሠራተኛዋ ፀጉሯን ሸፍናለች፣ የጤና ምርመራ ካርዳቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በርበሬዋን ብርጭቆ ውሃ ላይ በተንኩት፤ የሸክላ ዱቄት ቢኖርበት ከታች ይዘቅጥ ነበር። ምንም የለም። ምስማሩ ላይ የእሱ ጃኬት ተንጠልጥሏል፤ እኔ የገዛሁለት ጃኬት! የተቀደደው ክርኑ በጥሩ እጅ ተሰፍቷል። ቅናት አደበነኝ።

ጥግ ላይ ነጭ ጨርቅ የለበሰ አገልግል አየሁ። ከፈትኩት፤ የትናንት እንጀራና ሽሮ ነው።

«ያደረ ምግብ!» አልኳት ሚስቱን።

«እህቴ፣ የሚሸጥ አይደለም። በእግሩ ለሚመጣ ተሳላሚ ማታ ከድስቱ አፍ ያነሳሁት ነው። ሲነጋ ይመጣሉ።»

መች አጣሁት! በእኛ አገር በገና ሰሞን ማንም ሳይቀምስ የእግረኛው ድርሻ ይነሳል፤ እኔም ቤት ተነስቶ አድሯል። መመሪያው ግን ያደረ ምግብ ከሚሸጠው ጋር አይቀመጥም ይላል። ማስጠንቀቂያ ጽፌ መውጣት እችል ነበር። ማሸጊያውን አወጣሁ።

«አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለች፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። በሩን አሸግኩት።

በማግስቱ የቀድሞ ባሌን ቤቴ ደጅ ቆሞ አገኘሁት። ከተፋታን ወዲህ በዚያ አልፎ እንኳ አያውቅም። ልቤ ዘለለ፤ ምን ላድርግ፣ ዘለለ! ሊጣላኝ መጣ ብዬ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ እሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋ።

«ቂምሽ ከእኔ ጋር ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነብሽ'ኮ! በሞቴ፣ እሷን ተያት፤ ዓመቱን ሙሉ የለፋችለት ቀን ነው። እኔን የፈለግሽውን አድርጊኝ።»

ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር እናቱ በሰው ፊት ስታዋርደኝ ዝም ብሎ ይበላ ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ቆሞልኝ አያውቅም።

ማሸጊያውን ማንሳት የደቂቃ ሥራ ነበር። «አየዋለሁ» አልኩት። በሩን የከፈትኩላት ተሳላሚው ሁሉ ወደየአገሩ ከተመለሰ በኋላ ነው።