ያለ ቀማሽ የሠራሁት ዶሮ ወጥ

ትናንት ከትምህርት ቤት እንደገባሁ አስራ ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩና የዋና መነጽሬን አደረግኩ። የገና ዋዜማ ነበር። እማዬ አረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምትሠራው፤ ከሺፍቷ የምትወጣው ማታ ነው። እሷ እስክትመጣ ድረስ ዶሮ ወጥ ሠርቼ መጨረስ ነበረብኝ።

በዋና መነጽር ሽንኩርት መክተፍ የእህቴ የሜላት ፈጠራ ነው። እማዬ ዋዜማውን ሁሌ ሥራ ስለምትውል የበዓሉን ወጥ የምትሠራው ሜላት ነበረች። እኔ ከታፊዋም ቀማሿም ነበርኩ። እሷና እማዬ ስለሚጾሙ ወጡን መቅመስ አይችሉም፤ እኔ ደግሞ ጾም የሚባል ነገር አልሞክርም ነበር።

ሜላት በሕመም ካረፈች ሰባት ወሯ ነው።

እማዬ «ዘንድሮ በዓል የለም» ብላለች። ዘመድ ሁሉ «የሚቀመስ ነገር ይዘን እንምጣ» እያለ ሲደውል «ባካችሁ ተዉኝ» ብላ ትዘጋለች። ከእኔም ጋር ብዙ አታወራም። «በላህ?» «ቆልፈህ ተኛ» ... በቃ። ዘንድሮ እኔም ጾሜያለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። አርባ ሦስት ቀን ጾመን በገና ጠዋት ሁለታችን ፊት ለፊት ተቀምጠን በሽሮ ስንፈታ ታየኝና አልቻልኩም።

ግን ፈርቼ ነበር። ገብታ ድስቱን ስታየው «እህትህ ሞታ አንተ በዓል አማረህ?» ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?

ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ጣድኩት። ማማሰል ነው፣ ማማሰል ነው ... አንድ ሰዓት አለፈ። በርበሬውን ስጨምር የጭስ ማንቂያው ጮኸ። መስኮቱን ከፈትኩ፤ የአሜሪካዋ የሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ብርድ ቀጥታ ወጥ ቤት ገባ። አንድ እጄ ያማስላል፣ አንድ እጄ በፎጣ ጣሪያውን ያራግባል። ከዚያ ቅቤው ገባ፣ ዶሮው ገባ፣ ከረር ብሎ ቀይ ሆነ። ደስ አለኝ።

ከዚያ ነው የገባኝ። ዘንድሮ ቀማሽ የለም።

ትንሽ አሰብኩና በትንሽ ሳህን ጨልፌ የጎረቤታችንን የሚስ ሮዛን በር አንኳኳሁ። ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ሴትዮ ናቸው፤ በእነሱ ገና ቅጠል ውስጥ የተቀቀለ የበቆሎ ምግብ ይልኩልናል።

«ሚስ ሮዛ፣ አንዴ ይቅመሱልኝ። እኔ ጾም ላይ ነኝ።»

«ዶሮ የማትበላ ልጅ ዶሮ ትሠራለህ?»

«ነገ ነው የምበላው።»

«እናትህ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

ሳህኑን ተቀበሉኝ። ከዚያ ጎረሱ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ አሳላቸው፣ በእጃቸው ውሃ ጠቆሙኝ። ሮጬ አመጣሁላቸው።

«ምን ጎደለው?» አልኳቸው።

«ምንም። ፐርፌክት።»

ትከሻዬን መታ አድርገው ላኩኝ። እኔም ፐርፌክት ነው ብዬ እንቁላሉን ጨመርኩና ከደንኩት።

ወዲያው የበሩ ቁልፍ ተሰማኝ። እማዬ ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በሩ ጋ ቆመች። መነጽሩ አሁንም ግንባሬ ላይ ነው።

«እማ ... ረስቻት አይደለም» አልኳት። ሌላ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ የወጣው ግን ይሄ ብቻ ነው።

ቀስ ብላ፣

«ከሊፍቱ ስወጣ ሸተተኝ» አለች። «የሰው ቤት መስሎኝ ቶሎ ልለፈው ብዬ ስሮጥ ... እኛ በር ላይ ደረስኩ።»

አልፋኝ ወደ ምድጃው ሄደች። ክዳኑን አነሳች፣ እንፋሎቱን በእጇ ወደ አፍንጫዋ ሳብ ሳብ አደረገችው።

«ጨው አልገባበትም።»

«ሚስ ሮዛ ቀምሰው ፐርፌክት ነው ብለዋል።»

«ይሉኝታ ይዟት ነው። ሽታው ይናገራል እኮ።» ማማሰያውን ነጠቀችኝ። «ሽንኩርቱን ምን አድርገህ ነው የከተፍከው? ይሄ ለሰላጣ ነው። ዶሮውስ ... ስምንት ቦታ? ዶሮ አስራ ሁለት ብልት ነው።»

«ተቆርጦ ነው የሚሸጠው፣ እማ።»

«በሎሚ አጥበኸዋል?»

«አዎ።»

«ስንቴ?»

«ሁለቴ።»

ዞራ አየችኝ። እኔ በሰባተኛው ውሃ አልጠራም ብላ ስምንተኛ የምትቀዳ እናት ልጅ ነኝ።

«ሁለቴ!»

ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። ማማሰያው ግን ቆመ። ሳያት ፈገግ ብላለች፤ ትንሽ ነው፣ ግን ፈገግታ ነው።

«እሷም ሁለቴ ነበር የምታጥበው» አለች። «እማዬ ሥራ ነች፣ አታውቅም ብላ።»

ስለ ሜላት ሳታለቅስ ስታወራ ከሰባት ወር ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ኮቷን አውልቃ ወንበር ላይ ጣለችና ጨው አምጣ አለችኝ።

ዛሬ ንጋት ላይ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ፈታን። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ አጎረሰችኝ፣ ከዚያ ራሷ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ አሰበች።

«ከታች ትንሽ አሯል» አለችኝ ... ሁለተኛ እንጀራ እየዘረጋች።

ሽንኩርቱን፣ እጥበቱን፣ እሳቱን አንድ በአንድ እያነሳች እስከ አሁን እየተቆጣችኝ ነው። እኔም አንዱንም ሳላቋርጣት እየሰማኋት ነው።