ስልሳ ሊትር ባሕር

ጎሕ ሲቀድ ሦስት ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጅ ላይ ከቆመ የመጣበት ነገር አንድ ብቻ ነው። ውብአለም ይህን ታውቃለች፤ እሷም ለስንቱ ጎረቤት እንዲሁ ቆማ አርድታለች። በዚያ የጥር ማለዳ በመስኮቱ መሪጌታ ወልደሚካኤልን፣ የዕድሩን ዳኛና ጎረቤቷን ፋሲካን ስታይ አልጮኸችም። በእጇ የያዘችውን የገንዳ ውኃ የጨው መለኪያ በጨርቅ ጠረገች፣ ከማኅደሩ መለሰች፣ ደብተሩ ላይ «ሃያ አምስት» ብላ ጻፈች። ከዚያ በሩን ከፈተች።

«ልጄ፣ ጽኚ» አሉ መሪጌታ። «ዓለምነው ትናንት አረፈ።»

ነገሩስ ከዋዜማው ገብቷት ነበር። ወንድሟ ዓለምነው ባሕር ዳር ሆስፒታል ከተኛ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። በየምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ይደውልና ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «ስንት አለ?» ይላል። «ሃያ አምስት» ትለዋለች። «ሙቀቱስ?» «ሃያ ስድስት።» «ጎሽ። እኔም ደኅና ነኝ» ብሎ ይዘጋል። ትናንት የደወለው የእሱ ስልክ ነበር፤ ድምፁ ግን የልጁ የኤርምያስ ነው። «እትዬ፣ ስንት አለ?» አላት። «አባትህስ?» ብትለው «ተኝቷል» አለ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ልጁም አልዋሸም፣ ወጉን ጠበቀ። እሷም ወጉን ጠብቃ «ይተኛ» አለችው፣ ስልኩንም ዘጋች።

ውብአለም የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በዩኒቨርሲቲው ካፍቴሪያ ወጥ ስትሠራ፣ በአንድ ድስት ሁለት መቶ ተማሪ እያበላች ጨው አብዝታ አታውቅም። ባል አላገባችም። ወንድሟ ሚስቱ ስትሞትበት ልብሱንና አንድ ቀንድ አውጣ የመሰለ የባሕር ዛጎል ይዞ እሷ ዘንድ ገባ። በወጣትነቱ ምፅዋ ላይ መርከበኛ ነበር። ከዚያ ተመልሶ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደብረ ታቦር ውስጥ የሰው የውኃ ቆጣሪ ሲያነብ ኖረ። የጦርነቱን ነገር አያወራም። የሚያወራው፣ ውኃው ጸጥ ሲል ከመርከቡ ጥላ ሥር ስለሚሰበሰቡት ትንንሽ ዓሦች ነበር። «ሰንበት ቅዳሴ የወጣ ሕዝብ ይመስላሉ» ይል ነበር።

ጡረታ ሲወጣ ኤርምያስ ስልሳ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ፣ ማሞቂያውንና የአየር መንፊያውን ጨምሮ ገዛለት። የባሕሩን ጨው በባልዲ የላከው አዲስ አበባ የጌጥ ዓሣ የሚሸጥ ማሩ የሚባል ሰው ነው። ዓለምነው ጨውን በውኃ በጥብጦ፣ ድንጋዮቹን ደርድሮ፣ ከኅዳር ጀምሮ ዓሣ የሌለበትን ውኃ ቁጭ ብሎ ያያል።

«ጋሼ፣ ምን እየጠበቅህ ነው?» ትለዋለች።

«እርሾውን» ይላታል። «ዓሣ የሚጥለውን ቆሻሻ የሚበላ፣ በዓይን የማይታይ ነገር ድንጋዩ ላይ ማደግ አለበት። ያለ እርሾ ሊጥ ይቦካል?»

ሌላም ነገር አስተማራት። ውኃው እየተነነ ሲጎድል የሚጨመርበት ንጹሕ ውኃ እንጂ የጨው ውኃ አይደለም፤ ጨው አይተንምና። ይህን ለማስረዳት ወረቀትና እርሳስ አውጥቶ ነበር። እሷ ሳቀችበት። «ወጥ ውኃው ሲጎድል ጨው እንደሚበረታ ለእኔ በወረቀት?»

ሆስፒታል ሲገባ ድንጋዮቹ ቡናማ ጸጉር አብቅለው ነበር። «በረታ፣ ተመስገን» አለ በሩ ላይ ቆሞ። «ስመለስ ዓሣ እናመጣለን።»

አስከሬኑ ከባሕር ዳር መጣ፣ ተቀበረ። ውብአለም ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀመጠች። የዕድሩ ሴቶች በፋሲካ መሪነት ቤቱን ያዙት፤ እህል ፈጩ፣ ውኃ ቀዱ፣ ለቀስተኛ አስተናገዱ፣ ወለሉን አጠቡ። በሣልስቱ ድንኳኑ ተነቅሎ ውብአለም ወደ ቤት ስትገባ የመስታወቱ ገንዳ ጥግ ላይ እንደ አዲስ ያበራል። ድንጋዮቹ እንደ ጥርስ ነጥተዋል። የቧንቧ ውኃ እስከ አፉ ተሞልቷል።

ፋሲካ ከኋላዋ ቆማ ነበር፤ ዓይኗ እንቅልፍ በማጣት ቀልቷል። «ውቤ፣ በሐዘን ቤት የገማ ውኃ አይቀመጥም ብዬ አጠብሁልሽ። ድንጋዩ ጸጉር አብቅሎ ነበር እኮ! በፈላ ውኃ ነው ያስለቀቅነው።»

ውብአለም የፋሲካን እጆች አየች። ሦስት ቀን ውኃ የነካው ጣት ሁሉ ተሸብሽቧል።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ ፋሲካ ጓሮ ቆማ ተጣራች።

«ጌሾሽን ምን ነካው? ቅጠሉ ሁሉ ረገፈ።»

«ጨው ነው።»

«ማን ጨው አፈሰሰበት? ምቀኛ አለብሽ እንዴ?»

ውብአለም የረገፈውን ቅጠል መልቀም ጀመረች። ፋሲካ ጌሾውን አየች፣ የቤቱን በር አየች፣ ከበሩ እስከ ጌሾው ያለውን መንገድ አየች።

«እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«ያ የገማው ውኃ?»

«ባሕር ነበር፣ ፋሲካ። ዓለምነው ሁለት ወር ያቦካው ባሕር ነበር።»

ፋሲካ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «በስመ አብ! ሙሴ እንኳ ከፈለው እንጂ አልደፋው!» አለች።

ከቀብሩ ወዲህ ውብአለም የሳቀችው ያን ጊዜ ነው። ሁለቱም የደረቀው ጌሾ ሥር ተቀምጠው ሳቁ፣ ከዚያም አለቀሱ፣ ከዚያም ፋሲካ በነጠላዋ ዓይኗን ጠርጋ «አሁን ምን ይደረግ?» አለች።

የሚደረገውን ለማወቅ ማሩ ጋ ደወሉ።

«ድንጋዩን ያጠባችሁት በሳሙና ነው?» አለ ማሩ።

«በፈላ ውኃ ብቻ» አለች ፋሲካ ስልኩን ከውብአለም እጅ ነጥቃ። «በእመቤታችን፣ ሳሙና አልነካውም።»

«እንግዲያው ተስፋ አለው። ከእኔ ገንዳ አንድ ድንጋይ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ እልካለሁ፤ እሱ እርሾ ይሁናችሁ። ውኃውን እንደገና በጨው አዘጋጁ። የመመርመሪያውን ጠብታ ዓለምነው ገዝቷል። ሲንጠባጠብ ወደ አረንጓዴ ከዞረ ውኃው መርዝ አለበት። ቢጫ ሆኖ ከቀረ ዓሣ ይገባል። ዓለምነውን እወደው ነበር፤ የዓሣውን ነገር እንደ እሱ የሚጠይቀኝ ሰው የለም።»

ዕቃ ቤት ግማሽ ባልዲ ጨው ቀርቷል። ውብአለም ጨዉን በጠበጠች። በልማዷ ልትቀምሰው ጣቷን ብትነክር ፋሲካ እጇን መታቻት፤ «ወጥ መሰለሽ?» ብላ። መለኪያው ሃያ አምስት ላይ ሲንሳፈፍ ቆሙ። የማሩ ድንጋይ ደረሰ፣ ከመካከል ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ፋሲካ ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትገባና፣ ከሰላምታው በፊት «ስንት አለ?» ትል ጀመር። ይህን ቃል ማንም አላስጠናትም። ውብአለምም መለኪያውን አንስታ «ሃያ አምስት» ትላታለች።

አርባው ሲቃረብ ኤርምያስ ከባሕር ዳር መጣ።

«እትዬ፣ ለተዝካሩ ዓሣው ይግባ። አባቴ የለፋበትን ሰው ይይለት። ባዶ ገንዳ ልናሳያቸው ነው?»

ውብአለም ጠብታውን በብልቃጥ ውኃ ላይ አንጠባጠበች። ገና እንደበቀለ ቅጠል አረንጓዴ ሆነ።

«ባዶ ይዩ» አለች። «ዓሣ ገድዬ ተዝካር አላወጣም።»

«አንድ ቀን ቢቆይ...»

«አባትህ በዚህ ቤት ሁለት ወር የጠበቀው፣ እኔ አንድ ቀን እንድሰርቅበት ነው?»

በአርባው ቀን ሰው መጣ፣ የጾም ምግብ ተበላ፣ መሪጌታ ገንዳውን ዞረው አይተው «ውኃው ላይ የእግዜር መንፈስ ሰፍፏል ማለት ነው፤ ዓሣው ቀጥሎ ነው የተፈጠረ» አሉ። ማንም ባዶ ነው አላለም።

በሁዳዴ እኩሌታ ጠብታው ቢጫ ሆኖ ቀረ። ሦስት ቀን ደጋግማ ሞከረች፤ ሦስቱንም ቀን ቢጫ።

ያን ጊዜ የዓለምነውን ደብተር ገልጣ «መጀመሪያ የሚገባ ዓሣ» የሚለውን ገጽ አነበበች። የምፅዋውን ትልልቅ ዓሣ ሁሉ ጽፎ ሰርዞታል፤ በየስሙ አጠገብ «ቤቱ ይጠበዋል» ይላል። ያልተሰረዘው ከታች ያለው ብቻ ነው፦ «ብርቱካንማ፣ ነጭ ጥለት ያላት። ትንሽ ናት፣ ሰው ቤት የተፈለፈለች ትሁን። ሁለት። ስትገዙ መልኳን ሳይሆን አበላሏን እዩ።»

ማሩ ተንቀሳቃሽ ምስል ልኮ ደወለ። በመጀመሪያ ያሳየው አንዲት ሰማያዊ ዓሣ ነው። «ይቺ አትሞትም። ብርድም ረኃብም ትችላለች። ግን ቤቱን ቀድማ ከያዘች ኋላ የሚመጣውን ሁሉ ትነክሳለች።»

«የባሌን እናት ታውቃታለህ እንዴ?» አለች ፋሲካ።

ሰማያዊዋ ቀረች። ቀጥሎ ባለ ጥለቶቹ ሁለቱ ታዩ። አንዷ ምግብ ሲወርድላት ዘላ ያዘች። ሁለተኛዋ ከማእዘን ቆማ፣ ምግቡ በአፏ አጠገብ ሲያልፍ አልዞረችም። ውብአለም ደጋግማ አየቻት። የማይበላ ሰው አስታማ ታውቃለች፤ ማንኪያው አፉ ድረስ ሄዶ ሲመለስ።

«የምትበላዋን ላክልኝ» አለች። «ሌላይቱ ከአንተ ጋር ትቆይ።»

«እኔም የማትበላ ዓሣ መንገድ አላስይዝም። ቦታዋን በሰማያዊዋ ልሙላልሽ?»

«ቦታው ባዶ ይሁን።»

ፋሲካ በጎን «በሁዳዴ ዓሣ ገዛች ተብሎ ሊወራብሽ ነው» አለች።

«እኔ እጾማለሁ፤ እሷ ግን አልተጠመቀችም።»

ዓሣዋ በአውሮፕላን ባሕር ዳር ገባች። ኤርምያስ ተቀብሎ በሚኒባስ፣ ሣጥኗን በጭኑ ላይ በጃኬቱ ሸፍኖ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ደብረ ታቦር ደረሰ። ከረጢቷን ገንዳው ላይ አንሳፈፉ፤ ሙቀቱ እስኪስተካከል። ቀጥሎ የገንዳው ውኃ ጠብ ጠብ እያለ መግባት አለበት፣ ዓሣዋ ጨዉን ቀስ በቀስ እንድትለምደው። ማሩ «ቀጭን ቱቦ ፈልጉ» ብሎ ነበር። ኤርምያስ ከቦርሳው ያልተከፈተ የጉሉኮስ ቱቦ አወጣ።

«ሆስፒታል እያለን ከመድኃኒት ቤት ግዙ ተብለን አራት ገዝቼ ነበር። ሦስቱን ተጠቀምን» አለ።

ውብአለም ቱቦውን ተቀብላ ማሸጊያውን በጥርሷ ቀደደች። የጠብታውን መቆጣጠሪያ አጥብቃ፣ ዓሣዋን ከረጢቷ ውስጥ ካለው ውኃ ጋር በንጹሕ ጆግ አድርጋ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጠብ። ጠብ። ጠብ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መብራት ጠፋ። የአየር መንፊያው ድምፅ ቆመ፤ ቤቱም ጭር አለ። ማሩ አስጠንቅቋቸው ነበር፦ የእናንተ አገር ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ውኃው ከቆመ ዓሣዋ ትታፈናለች፤ ድንጋዩ ላይ ያለው እርሾም ይሞታል።

ፋሲካ ወደ ቤቷ ሮጠች። ስትመለስ አንድ ጋቢ፣ ሁለት የፈላ ውኃ የሞላባቸው ጀሪካኖችና አንድ ጣሳ ይዛለች። ጀሪካኖቹን ከገንዳው ጎንና ጎን አስቀምጣ ሁሉንም በጋቢው ጠቀለለች፤ ላዩን ብቻ ከፍታ ተወች። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ከገንዳው በጣሳ ቀዳች፣ ክንድ ያህል ከፍ አድርጋ መልሳ አፈሰሰች። ውኃው አረፋ ሠራ። እንደገና ቀዳች፣ እንደገና አፈሰሰች።

«ተይ እኔ ልተካሽ» አለ ኤርምያስ፣ ቆይቶ።

«የደፋሁት እኔ ነኝ» አለች ፋሲካ። «ስልሳ ሊትር ነው አይደል ያላችሁኝ? ስልሳውን እስክመልስ አትንኩኝ።»

ስልሳውን ብዙ ጊዜ መለሰችው። ክንዷ ሲዝል ውብአለም ትተካታለች፤ ፋሲካ ጆጉ አጠገብ ተቀምጣ ጠብታውን ትጠብቃለች፤ ከዚያ እንደገና ትነሣለች። ዓሣዋ ጆጉ ውስጥ ክንፎቿን እያርገበገበች ቆማለች፤ ከአውራ ጣት ጥፍር አትበልጥም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውብአለም በትንሽ ወንፊት አንስታ፣ የመንገዱን ውኃ አስቀርታ፣ ወደ ገንዳው ለቀቀቻት። ዓሣዋ ከማሩ ድንጋይ ኋላ ገብታ ተሰወረች። መብራት የመጣው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። መንፊያው ሲነሣ ፋሲካ ጣሳውን አስቀምጣ፣ «እሰይ፣ እሰይ፣ የመብራት አምላክ» አለች፣ ክንዷንም ቀና ማድረግ አቅቷት ሳቀች።

ውብአለም ጋቢውን አጥፋ ስትመልስላት እጇን ያዘቻት። ልትናገር የፈለገችው ብዙ ነበር፤ ሦስቱ ቀን ድንኳን፣ የተሸበሸቡት ጣቶች፣ ጠዋት ጠዋት የሚጠየቀው ጥያቄ። «ተባረኪ» ብቻ አለች። ፋሲካም «ዝም በይ» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ዓሣዋ ከድንጋዩ ወጣች። ውብአለም በጣቷ ጫፍ ምግብ ጣል አደረገች። ባለ ጥለቷ ዘላ ያዘች፤ ደግማም ጠበቀች።

ምሽት አንድ ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። ባሕር ዳር የተመለሰው ኤርምያስ ነው፣ በአባቱ ስልክ።

«እትዬ፣ ስንት አለ?»

«ሃያ አምስት። በልታለች።»

ደብተሩን ከፍታ ያንኑ ጻፈች። ዓለምነው ሁለት ብሎ ነበር፤ ሁለተኛዋ ገና አዲስ አበባ ናት፣ መብላትም አልጀመረችም። በደረቀው ጌሾ ቦታም ገና ሌላ አልተተከለም።