የአጎቴ በቅሎና የጣልያኑ መኪና

የመተማ ሰው አጎቴን ፈረደን አርበኛ ያደርገዋል። «የጣልያንን መኪና በውሃ ጥም የገደለ ጀግና» እያለ በየጠላ ቤቱ ያወራለታል። እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። አጎቴ ግትር ነበር፤ ከሰው ይልቅ ከከብት ጋር ማውራት ይቀናው ነበር፤ ውሸት ግን አያውቅም። ያልሠራውን ጀግንነት ሲጭኑበት ዝም ብዬ አልሰማም። እውነቱን ከሚስቱ ከአየሁሽና እዚያው ቦታ ላይ ከነበረው ከኢሳ ሰምቻለሁ፤ እንደሰማሁት እነግራችኋለሁ።

አጎቴ ጭነት አመላላሽ ነበር። ከሳንጃ ተነሥቶ ወደ መተማ የወረደው ገና በጎረምሳነቱ ነው። ጥጥና ሰሊጥ ጭኖ ጎንደር ይወጣል፤ ማርና በርበሬ ጭኖ ይወርዳል። ሀብቱ አንዲት ዳማ በቅሎ ነበረች፤ ደርባባ ይላታል። አየሁሽ፣ «መጀመሪያ እሷን አገባ፤ ሥራ ሲበዛባት እኔን ጨመረላት» ትል ነበር። ቀልድ ነው፣ ቅናትም አላጣው።

ጣልያን መተማ ሲገባ ለጦሩ ማጓጓዣ ብሎ የአገሩን በቅሎ ሁሉ ሰበሰበ። ደርባባም አንገቷ ላይ የጦሩ የቆርቆሮ ቁጥር ታስሮባት ተነድታ ሄደች። አጎቴ እህል አልቀምስ አለ፤ ማታ ማታ ኮርቻዋን እያገላበጠ ያያል። በኋላ የጦሩ በቅሎዎች የሚታሰሩት ከጣልያኖቹ ጋራዥ ጀርባ መሆኑን ሰማና፣ ከሩቅም ቢሆን ሊያያት ብሎ ጋራዡ ውስጥ የቀን ሥራ ያዘ።

የጋራዡ አለቃ ሮቬሊ የሚባል ወፍራም ጣልያን ነበር። እሱም የራሱ ደርባባ ነበረችው፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ቀይ፣ ያረጀች የእሽቅድምድም መኪና። ከአገሩ በመርከብ ያስመጣት ናት። ሁለት ጊዜ ተወዳድሮባት ሁለቱንም ጊዜ መንገድ ላይ ቀርታበታለች። ከዚያ ወዲህ መኮንኖቹ ባዩት ቁጥር «እግረኛው መጣ» ይሉታል አሉ። አሁን ደግሞ ወደ ሸሕዲ በሚወስደው መንገድ ላይ ሬንጅ የፈሰሰበት ክፍል በኅዳር ይመረቃልና በዚያው ላይ የመኪና ሩጫ ይደረጋል ተባለ።

ሮቬሊ መኪናዋን ለሬንጅ መንገድ ሊያዘጋጃት ተነሣ። ዋና ረዳቱና አስተርጓሚው ኢሳ ነበር፤ ኢሳ ድንበር ተሻግሮ ገላባት ላይ መካኒክነት የተማረ የመተማ ልጅ ነው። መጀመሪያ መኪናዋ ትቅለል ሲባል አጎቴ ደስ አለው። ስለ ሞተር ምንም አያውቅም፤ ጭነት ማውረድ ግን ሥራው ነው። መስታወቱን ፈታ፤ በሮቹን ፈታ፤ ከየጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ ፈታ፤ መለዋወጫ ጎማውንና የተሳፋሪውን ወንበር አወጣ። «ለሩጫ የወጣ ከብት ጓዝ አይሸከምም» እያለ ፍሬኑን ሊፈታ ሲል ነው ኢሳ እጁን የያዘው።

ለሙከራ ሲወጡ መኪናዋ ኩርባው ላይ ኋላዋ ተንሸራቶ ማሽላ ማሳ ውስጥ ገባች። ሮቬሊ አገዳ ከጸጉሩ እየለቀመ ብቅ ሲል አጎቴ ራሱን ይነቀንቃል።

«ፊቷ ከብዶ ኋላዋ ባዶ ነው። እንዲህ የተጫነች በቅሎ ቁልቁለት ላይ ትደፋለች በለው» አለ ለኢሳ።

ታዲያ ያንን ሁሉ ካቀለሉ በኋላ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ከረጢት ሰሊጥ እኩል አድርጎ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ጫነባት። ኮፈኖዋ በነፋስ እየተከፈተ ቢያስቸግር እሱንም በጠፍር ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ከዚያ ወዲያ ኩርባውን ሳትነቃነቅ ታልፈው ጀመር። ሮቬሊ ከደስታው ብዛት የአጎቴን ግንባር ሳመ።

አጎቴ ግንባሩን ጠረገና «በቅሎየን ይስጠኝ በለው» አለ።

ሮቬሊ አገጩን እያሻሸ አሰበ። መኪናዋ የማብቂያውን መስመር ካለፈችልኝ በቅሎህን ውሰድ፤ ካላለፈች ግን ደግመህ እንዳታነሣብኝ አለው። አሸንፊ አላላትም፤ ትለፍ ብቻ ነው ያለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አጎቴ ለዚያች መኪና የጸለየውን ያህል ለነፍሱ አልጸለየም። አየሁሽ እንኳ ለጊዮርጊስ ሻማ ተሳለች። ሰው ይህን ሲሰማ ይቆጣኛል፤ ይቆጣ!

የሩጫው ዕለት ጠዋት ኢሳ የመኪናዋን ራዲያተር ውሃ ሞላ። አጎቴ ይህን በየቀኑ ያያል፤ ከብት ውሃ ይጠጣልና ምንም ብሎ አያውቅም። ያን ዕለት ግን ደነገጠ።

«ምነው ወንድሜዋ! ለሩጫ የተነሣን ታጠጣለህ እንዴ?»

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይህችኮ መኪና ናት!» አለ ኢሳ። ሣቀና ቤንዚን ሊያመጣ ሄደ።

አጎቴ የጉግስ አገር ሰው ነው። እነሱ ዘንድ ፈረስ ሊሮጥ ሲል ውሃ ይከለከላል፤ ሆዱ ውሃ ሞልቶ ከሮጠ ቁርጠት ይዞት መሀል ሜዳ ላይ ይዘረጋል ይላሉ። መኪናዋ ከተዘረጋች ደግሞ ደርባባ ቀረች ማለት ነው። ኢሳ ሲሠራ አይቶ የሚያውቃትን የራዲያተሩን ማፍሰሻ ከሥር ፈታ፣ ውሃውን እስከ ጠብታው አንጠፈጠፈ፣ መልሶ አጠበቀ። ከዚያም ኮፈኖዋን መታ መታ አድርጎ «በርቺ እቴ» አላት።

መኪኖቹ አንድ በአንድ እየተለቀቁ፣ መንገዱ ጫፍ ያለውን ድልድይ ዞረው እስኪመለሱ በሰዓት ይለካሉ። የሮቬሊ ተራ ደርሶ ሲወጣ ከሕዝቡ መሀል በጭብጨባ የሸኘው አጎቴ ብቻ ነበር። ሮጠችለት! ድልድዩን ዞራ ስትመለስ ከሁሉም ትፈጥን ነበር ይላል ኢሳ። የመጨረሻው ኩርባ ላይ ግን ከኮፈኖዋ ሥር ጢስ ወጣ፤ ብረት ከብረት ሲንቋቋ ተሰማና ቀጥ አለች። መስመሩ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስ ነበር።

ኢሳ ሮጦ ደርሶ ራዲያተሩን ከፈተ።

«ውሃው የታለ?»

«እኔ አፈሰስሁት» አለ አጎቴ። «ምን ዋጋ አለው፣ ቀድማ ጠጥታ ነበር። ያ ነው የጎዳት።»

ኢሳ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። ለሮቬሊ ግን «ቧንቧው አፍስሶ ነው» ብሎ ተረጎመለት፤ እግዜር ይስጠውና አጎት የቀረልኝ በዚያ ነው። ወደ አጎቴ ዞሮ «ኸላስ፣ አለቀ፣ ሞተሩ ተጣብቋል። ከእንግዲህ አትነሣም» አለው።

አጎቴ ዙሪያውን ማተረ። ለመኮንኖቹ የሚጠጣ ውሃ ያመጡት የጦሩ በቅሎዎች ጭነታቸው ወርዶ፣ መኮንኖቹ ከተቀመጡበት ዳስ አጠገብ ታስረዋል፤ ደርባባ ከመሀላቸው አለች። አፏጨ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል፤ ያን ዕለት ግን ያሳጠረችው በጣልያን ነው። ጆሮዋን አቁማ፣ በመኮንኖቹ መሀል ሰንጥቃ መጣች።

የሰሊጡን ከረጢቶች አወረደና በታሰሩበት ጠፍር መኪናዋን ከደርባባ ጋር አቆራኘ። ሮቬሊ ሊመታው እጁን አነሣ። በዚህ መሀል ከዳሱ «እግረኛው! እግረኛው!» የሚል ጩኸት መጣ። እጁን አወረደና ገብቶ መሪውን ጨበጠ። አጎቴ ከፊት እየሳበ፣ ኢሳ ከኋላ እየገፋ፣ መስመሩን አለፉ። ሰዓት የያዘው መኮንን ሣቁ አላስቆም ብሎት መሬት ተቀመጠ።

አጎቴ እዚያው የበቅሎዋን አንገት አቅፎ፣ ሰው እያየው፣ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ቀና ሲል ሮቬሊም መንገድ ዳር ተቀምጦ፣ የጠቆረውን ሞተር እያየ ያነባል።

«ሐሳቡን ሳይለውጥ ይዘሃት ሂድ!» አለው ኢሳ።

አጎቴ አልሄደም። ሄዶ ከሮቬሊ አጠገብ ቁጢጥ አለና እጁን ትከሻው ላይ አደረገ።

«አይዞህ» አለው። «እኔንም እሷን ነድታችሁ ስትወስዱብኝ እንዲሁ ነበር ያደረገኝ።»

«ይህንንስ ተረጎምህለት?» ብዬ ኢሳን ጠይቄዋለሁ። አንድም ቃል አላስቀረሁም አለኝ። ሮቬሊ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ ተነሣ፤ ከደርባባ አንገት ላይ የጦሩን የቆርቆሮ ቁጥር በገዛ እጁ ፈታና ኪሱ ከተተው።